የፔምብሮኩ ጠረጴዛ ቀኝ ክንፍ

የጠረጴዛው ቀኝ ክንፍ ሲነሳ፣ ከሞተ ሦስት ዓመት ያለፈው ወንድይራድ በዚያ በኩል ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ክንፉ ሲታጠፍ አይኖርም።

ጠረጴዛውን ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ መምህር የገዛው ራሱ ነው። ፔምብሮክ ይባላል። ጌጥ የለውም፤ እግሮቹ ወደ ታች እየቀጠኑ ይወርዳሉ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክንፎች ይንጠለጠላሉ፣ ሲዘረጉም ከሥር የሚወጣ የእንጨት ክንድ ይደግፋቸዋል። "እንግሊዞች እንግዳ ሲሄድ ቤቱ ባዶ እንዳይመስላቸው ጠረጴዛውን ያሳንሱታል" ይል ነበር።

ሚስቱ አስካለ ክንፉን የምታነሳው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ወንድይራድ የሚበላው ካቆመበት ቀጥሎ ስለሆነ ሽሮው እየጎደለ ሄዷል። ሁለቴ ጎርሶ "ዛሬስ ጥሟል" ሲላት፣ ክንፉን ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች። በዚህ አያያዝ ሽሮው እስከ ፋሲካ ያደርሰናል ብላ አስባ ነበር።

በጥቅምት የእንጨቱ ክንድ ተሰነጠቀ። አናጢው ደምረው መጥቶ አገላብጦ አየው።

"በኮላ ይያዛል። ወርክሾፕ ልውሰደው።"

"ሰው አለበት እኮ።"

"እጠነቀቃለሁ፣ እትዬ።"

በአራተኛው ቀን መለሰው። አስካለ ክንፉን አነሳች። ጸንቶ ቆመ። በዚያ በኩል ግን ማንም አልነበረም።

"ኮላው እንዲደርቅ ዘርግቼ አቆየሁት" አለ ደምረው። "ጋሼ ዛሬ ረፋድ ላይ ምሳቸውን ጨርሰው ተነሱ።"

አስካለ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። "ምን አለ?"

"'አስካለስ?' አሉኝ። ቤት ናቸው አልኳቸው። እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወጡ።"

"ምነው ብትይዘው!"

"ቤቴ ልሂድ የሚል ሰው እንዴት ይያዛል፣ እትዬ?"

ነጠላዋን ሳትደርብ ወጣች። ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲሰፋ አጥሯ ወደ ውስጥ ገብቶ በሯም ተለውጧል፤ ይህን እሱ አያውቅም።

በሰፈሩ የብረት በሮች ሁሉ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ ሽሮ የነካው የቀኝ እጅ አሻራ ነበረ። የእሷ በር ብቻ ንጹሕ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ካለው በር ጀምራ ቁልቁል ተከተለችው። አንዱ ደርቋል፤ ሌላው የደረቀው ጠርዙ ብቻ ነው። የመጨረሻው በር ላይ ያለው ገና እርጥብ ነበር፤ መዳፏን ስታሳርፍበት ሞቃት።

ከዚያ ወዲያ በር የለም። ሜዳ ነው።