የደረጃው ሳቅ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ፣ ደምሰው ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ያመላልሳል። ጎረቤታቸው ለሊሴም የራሷን ይዛ አብራው ትወጣለች። ሚስቱ ትሩፋት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሳቃቸውን ትሰማለች። ሳንባዋ ከታመመ ወዲህ ፀጉሯን ማበጠር እንኳ ያደክማታል፤ ደረጃ እየወጡ መሳቅ እንደሚቻል ረስታው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደምሰው ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ፣ ትሩፋት ትንሿን ጀሪካን ይዛ ወረደች። ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ የመጣችው ለሊሴም አጠገቧ ተቀመጠች።

ትሩፋት ትንፋሿ ሲመለስ፣ "ከደምሰው ጋር እንዲህ የሚያስቃችሁ ምንድን ነው?" አለቻት።

"እሱ ነዋ። በየፎቁ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ደክሞት መሆኑን አውቄበታለሁ። 'አንተ፣ ነጠላ ጫማ ክር አለው እንዴ?' ስለው ይስቃል።"

ትሩፋት አልሳቀችም። ደምሰው ቤት ሲገባ ሁልጊዜ "ቀላል ነው" ነው የሚላት። እፊቷ አንድ ቀን እንኳ ቁና ቁና ተንፍሶ አያውቅም። ድካሙን ያየችው ለሊሴ ናት።

"ጀሪካኑን ልያዝልሽ፣ ትሩፍዬ?"

"ተይው፣ አንቺ ግቢ። እሱ ሲመጣ እዚሁ አብረን እናርፋለን።"