ሟቿ ሚስት

መሞቴን የነገረኝ የመንጋጋ ጥርሱን ልሞላለት አፉን ያስከፈትኩት የባንክ ሠራተኛ ነው።

ማደንዘዣውን ወግቼው እስኪይዘው ስጠብቅ ልጁ ዓይኑን ከፊቴ ላይ አልነቅል አለ። ጥርሱን የሚያመው ሰው ጣሪያውን ያያል፣ መብራቱን ያያል፣ አለዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ፈጣሪውን ይለምናል እንጂ ሐኪሙን እንዲህ አይመረምርም።

"ምነው?" አልኩት።

"ዶክተል፣ ይቅልታ..." ግማሽ ከንፈሩ ደንዝዟል። "እልስዎን የት እንደማውቅዎት አሁን ገባኝ። ሞተዋል እኮ!"

ነርሷ የያዘችውን የብረት ሳህን ልትጥለው ምንም አልቀራት።

"ማለቴ ጌሙ ላይ" አለና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። በሽተኛ ወንበር ላይ አጋድሜ ስልክ አላይም፤ ያን ቀን ግን አየሁ።

አንዲት ሴት ወንዝ ዳር ቆማ ታንጎራጉራለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ወገቧ ድረስ ተለቋል። ፊቷ የኔ ፊት ነው። ግራ ጉንጬ ላይ ያለችው፣ ማርያም የሳመችኝ የምትባለው ምልክት እንኳ አልቀረችም። የፊት ጥርሴ ፍንጭት ግን ተደፍኗል። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ መድፈን ብፈልግ ኖሮ ራሴ እደፍነው ነበር። ወገቤማ ሁለት መዳፍ የሚገጥምበት ሆኗል። አንጀቷን የት እንዳስቀመጡላት የፈጠሯት ይወቁ።

ቀጥሎ ቤቱ ይቃጠላል። አንድ ትከሻው በር የሚያህል ሰውዬ እየሮጠ ደርሶ ያቅፋታል። እሳት ውስጥ የቆየች ሴት ጥቀርሻ እንኳ አልነካትም፤ ከንፈሯ እንደተቀባ ነው። "ልጃችንን አደራ" ትላለች። "ተበቀልልኝ" ትላለች። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ለፎቶ እንደሚያመች ሆና ትሞታለች።

"በጣም ነው የሚያሳዝነው" አለ ልጁ፣ ከልቡ። "ለእልስዎ ስል ስንቱን ጨለስኩት መሰልዎት።"

"ስሟ ማነው?"

አሰበ። ደጋግሞ አሰበ። "ሚስቱ ነው የሚሏት" አለ በመጨረሻ።

ጥርሱን ሞላሁለት። በደንብ ነው የሞላሁለት፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የልጄ አባት ለጌም ድርጅት ታሪክ ይጽፋል፤ ባልደረቦቹ "ደራሲው" ይሉታል፣ እሱም ሲባል አፍሮ አያውቅም። ከተለያየን አራት ዓመት ሆኖናል። አልደበደበኝም፣ አይጠጣም፣ ሴት አላመጣብኝም። ሶፋው ላይ ሰፍሮ ነበር፣ በቃ። ተራራ እያቋረጠ ዘንዶ የሚገድል ሰው ይጽፋል፤ እሱ ግን የበላበትን ሳህን ይዞ ኮሪደሩን ማቋረጥ ያቅተዋል። ልጃችን የሳንባ ምች ይዟት እኔ ስሯሯጥ "ሐሳቤን አቋረጣችሁኝ" ያለኝ ሰው ነው። አንድ ጠዋት "ውጣልኝ" ስለው አልተከራከረም። አላለቀሰም። የሚጽፍበትን ወንበር ጭኖ ወጣ። ለትዳሩ ጣቱን ያላነሳ ሰው፣ ይኸው ዛሬ ሰይፍ አንስቶልኛል፤ መጀመሪያ ግን መሞት ነበረብኝ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። በንቀት ነው የምስቀው፣ ግን ሳቅ ነው።

ከሥራ ስመለስ ለልጄ ነገርኳት። ብደብቃትም ትምህርት ቤት ትሰማዋለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቮሊቦል ትጫወታለች፣ ጌምም ትችላለች። አባቷ አብሮን ሲኖር የከበደው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚጠራው እሷን ነበር። "ነይ እስቲ አሳልፊኝ" ይላታል፣ ታሳልፈዋለች፣ ከዚያ ይቀበላትና ይቀጥላል።

ሳሎን ቁጭ ብለን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። የኔን ወገብ ስታይ በሳቅ ፍርስ አለች። "እማዬ፣ ምሳ ከልክለውሽ ነው እንዴ?" ስሞትማ ጭራሽ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ከቃጠሎው በኋላ ልጁ መጣ። የጀግናው ልጅ፣ ሟቿ አደራ ያለችው። ቅንድቡ ላይ ልጄ ከብስክሌት ስትወድቅ የቀረባት ጠባሳ አለ። ሲጨንቀው እንደሷ የእጅጌውን ጫፍ ይነክሳል። አነጋገሩም የሷ ነው፤ "እኔ ልሞክረው፣ እኔ ልሞክረው" እያለ ነገር ሁሉ ላይ ይቀድማል። ጀግናው ተንበርክኮ ትንሽ ሰይፍ ያስጨብጠውና "አንተ የኔ ደም ነህ፣ ልጄ" ይለዋል።

የልጄ ሳቅ ቆመ።

"ይሄ እኔ ነኝ" አለች።

"ይመስላል።"

"ግን ወንድ ነው።"

ኮምፒውተሩን ቀስ ብላ ከደነችው። ሌላ ጊዜ በር ስትዘጋ ቤቱ ይናወጣል፤ ያን ቀን የክፍሏን በር ድምፅ ሳታሰማ ነው የዘጋችው። እኔን ደጋግሞ ይግደለኝ። እሷን ግን ሳይገድላት ነው ያጠፋት።

በማግስቱ የጠዋት ታካሚዎቼን ለሌላ ቀን አዛውሬ ቢሮው ሄድኩ። መስታወት የበዛበት ፎቅ ነው። መግቢያው ላይ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ተሰቅሏል፤ ወንዶቹ እስከ አገጫቸው ብረት ለብሰዋል፣ መሃላቸው ያለችው ሴት ጡቷ ላይ ብቻ ሁለት ክዳን የምታህል ብረት አላት። ጠላት ሌላ ቦታ ላይወጋት ቃል የገባላት ይመስላል።

ወደ ውስጥ ስገባ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የሰኩ ወጣቶች አንድ በአንድ ቀና አሉ። አንዱ "ውይ! ሟቿ!" አለ፣ ቀስ ያለ መስሎት። ሌላው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ብድግ ብሎ ቆመ።

የልጄ አባት ጢሙን አሳድጎ፣ ድምፁን አለስልሶ መጣ። "ደህና ነሽ?"

"ሞቼ ነበር፣ ተሽሎኛል።"

ስብሰባ ክፍል አስገባኝ። ሥራ አስኪያጁም ተከተለን፤ ፈገግታውን ከፊቱ ላይ ማውረድ የማይችል ዓይነት ሰው ነው። ገና ሳልናገር የልጄ አባት ጀመረ።

"መናደድሽ ይገባኛል። ግን ለክብርሽ ብዬ ነው ያደረግኩት። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጀግናው የሚወደው አንቺን ብቻ ነው።"

"ፎቶዬን ሳታስፈቅድ ወስደህ፣ ወገቤን ቆርጠህ፣ ጥርሴን ደፍነህ፣ በእሳት ገደልከኝ። ብትጠላኝ ኖሮ ምን ልታደርገኝ ነበር?"

"ታሪኩ ይፈልገዋል እኮ! ጀግናው የሚነሳበት ምክንያት ያስፈልገዋል።"

"ሚስቱ ካልሞተች አይነሳም?"

ጢሙን ማሻሸት ጀመረ።

"እኔ በሕይወት እያለሁ ከሶፋው እንዳልተነሳህ አውቃለሁ" አልኩት። "ሰው ሁሉ እንዳንተ ነው ብለህ ግን አትጻፍ።"

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቅ እንዳልነበረበት ገባው። "ዶክተር፣ እኛ በደስታ እናስተካክላለን" አለ። "እንዲያውም ሁለተኛውን ክፍል እየሠራን ነው። እዚያ ላይ እርስዎን ማስነሳት እንችላለን። ለካ አልሞቱም ነበር! ተማርከው ጨለማ ቤት ታስረው ኖሯል፣ ጀግናው መጥቶ ያስፈታዎታል።"

"ራሴን ማስፈታት አልችልም?"

ሁለቱ ተያዩ። እውነቴን ነው፣ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ የተጠየቁ ነው የመሰሉት። "እንደሱ ከሆነ ጀግናው ምን ይሠራል?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ሌላም ሐሳብ አለ" አለ የልጄ አባት ቶሎ ብሎ። "ትመለሻለሽ፣ ግን ጠንቋይ ሆነሽ። ኃይለኛ! ማንም የማይደፍርሽ። መጨረሻ ላይ ነው ጀግናው..."

"የሚገድለኝ።"

"እያለቀሰ" አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "እያለቀሰ" አለኝ።

እነዚህን ሁለት ትልልቅ ሰዎች አየኋቸው። ሴትን ሊያስቡ ሲሞክሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን ሦስት ልብስ ብቻ ነው የተሰቀለበት፤ የሬሳ፣ የምርኮኛ፣ የጠንቋይ። እናት አሳድጋቸዋለች፣ አስተማሪ ቀጥታቸዋለች፣ ደመወዛቸውን የምትከፍላቸው ገንዘብ ያዥ እዚያው ማዶ ክፍል ቁጭ ብላለች። አንዷም ትዝ አላለቻቸውም።

"የምፈልገው ሁለት ነገር ነው" አልኩ። "አንደኛ፣ ፊቴን አንሱልኝ። እምቢ ካላችሁ ጠበቃዬ ትመጣለች፤ እሷ ደግሞ እንደኔ ቁጭ ብላ አታወራም። ሁለተኛ" ወደ ልጄ አባት ዞርኩ፣ "ልጅህን ለምን ወንድ እንዳደረግካት ራስህ መጥተህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።"

ፊቱ ያን ጊዜ ነው የተለወጠው። "አየችው እንዴ?" አለ።

"ታዲያ አታይም ብለህ ነው?"

ሊፍቱን ስጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት ተከትላኝ ወጣች። ሠዓሊዋ ነኝ አለችኝ፤ የሰዎቹን መልክ የምትሠራው እሷ ናት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች። "ፍንጭትዎን እኔ ሠርቼው ነበር። ያምር ነበር። ደራሲው ነው መልሶ የላከው፣ ስትሞት ያስቃል ብሎ። ልጅዎንም መጀመሪያ ሴት አድርጌ ነበር የሣልኳት።"

"ማን ነው ያስቀየረሽ?"

"ማንም አልተቆጣም። ብቻ ስብሰባ ላይ 'ሴት ከሆነች ሰይፍ ስትይዝ ማን ያምናል?' ተባለ። ደራሲው እንደሚከራከር ገምቼ ነበር፤ አባቷ ነዋ።" ቀና ብላ አየችኝ። "እሱ ግን ማስታወሻ ሲይዝ ነበር።"

ሊፍቱ መጣ። እጇን ጨብጬ ወረድኩ። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን የማንን ቁጣ ለማን ልስጥ?

ቅዳሜ ዕለት የልጄ አባት መጣ። ለወግ ያህል ቸኮሌት ይዟል። ልጄ ሶፋው ጫፍ ላይ እግሯን አጣምራ ጠበቀችው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ዕቃ አጥባለሁ፤ በሩን ግን ሆን ብዬ አልዘጋሁትም።

"የኔ ቆንጆ፣ ስሚኝ" አለ። "ያ ልጅ አንቺ ነሽ። አንቺን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ጎበዝነትሽን፣ ድፍረትሽን..."

"ታዲያ ለምን ወንድ ሆንኩ?"

"ጌሙን የሚገዙት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። አባትና ወንድ ልጅ ሲያዩ ሆዳቸው ይባባል። ገበያው ነው እንጂ እኔ..."

"እኔ እጫወታለሁ። ጓደኞቼም ይጫወታሉ።"

"አውቃለሁ፣ ግን..."

"አንተ ሲያቅትህ የማሳልፍህ እኔ ነበርኩ።"

"እሱማ ልክ ነሽ።"

"አባዬ፣ አንተስ? ሆድህ የሚባባው ወንድ ልጅ ስታይ ነው?"

የቧንቧውን ውሃ ዘጋሁት። አንድ ቃል፣ "አይደለም" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ አራዊት የሚያናግር፣ ነገሥታትን በንግግር የሚያንበረክክ ሰው የሚጽፍ ደራሲ ነው። እሱ ግን "ነገሩ ውስብስብ ነው" አለ። "ስታድጊ ይገባሻል።"

ልጄ ተነሥታ ቸኮሌቱን ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ኳሷን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ግድግዳው ላይ ስትመታው ይሰማናል። እሱ ጫማውን ሲያስር ቀና ብሎ "ምን ብዬ ላስረዳት?" አለኝ፣ እኔ እንድጽፍለት የፈለገ ይመስል።

"ደራሲው አንተ ነህ" አልኩት፤ በሩንም ከፈትኩለት።

ፊቴን አነሱት። የነገረችኝ ሠዓሊዋ ናት፤ ደውላ። አዲስ ፊት ለመሥራት ጊዜ አልሰጧትም። ጌሙ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤት አለች፣ አንዲት መነኩሲት አለች፣ አንዲት ጠንቋይ አለች፤ ሦስቱም መጀመሪያውኑ አንድ ፊት ነበራቸው፣ ጸጉራቸው ብቻ ነው የሚለየው። ሟቿንም አራተኛ አድርገው ያንኑ ፊት ለጠፉላት።

"ሰው አልጮኸም?" አልኳት።

"ማንም አላስተዋለም" አለች። "አንድ ተጫዋች ብቻ 'ሚስትየዋ አሁን ይበልጥ ታምራለች' ብሎ ጽፏል።" ከዚያ ሥራውን እየለቀቀች እንደሆነ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

እኔ መገላገሌ ነው። ግን ደስታ አይደለም የተሰማኝ። የሸሸሁትን ልብስ ሌላ ሴት ላይ ሲያጠልቁት እንደማየት ያለ ነገር ነው፤ ያቺ ሌላ ሴት ደግሞ ማንም አይደለችም፣ ክስ እንኳ አትመሠርትም። ጌሙ በደንብ ተሸጧል ይባላል።

ልጄ ለሳምንታት ስለ ነገሩ አላነሳችም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳለን ስልኳ ጮኸ፤ አባቷ ነው። አንብባ አቀበለችኝ። "የኔ ጀግና፣ ደስ የሚል ዜና! ሁለተኛው ክፍል ላይ ሴት ልጅ እንድትኖር አሳምኛቸዋለሁ። ስሟን አንቺ ታወጪላታለሽ።" ከሥሩ ልብ፣ ሰይፍ፣ እንደገና ልብ ደርድሯል።

ስልኩን መለስኩላት። ብከለክላትም አትሰማኝም፤ አልከለከልኳትም። ሹካዋን አስቀምጣ "ትሞታለች?" ብላ ጻፈችለት።

እየጻፈ መሆኑ ይታያል። ያቆማል፤ እንደገና ይጽፋል፤ ያቆማል። ሁለታችንም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀርን ምግቡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ መጣ፦ "ገና አልወሰንንም።"

ልጄ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የማውቀው ነገር ቢኖር ፊቷ ላይ ያየሁት እኔ አራት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ንቀት ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይከብዳል፣ ባትለምደው ደስ ባለኝ ነበር። "ቅዳሜ አልመጣም፣ ግጥሚያ አለኝ" ብላ ላከችለትና ጨው እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።