ያልተዞረው ማሳ

ጣሳው በግራ እጁ ነበር፤ መምቻው ዱላ ግን መሬት ላይ ወድቋል። በቀኝ እጁ የያዘው ስልክ ነው። ደራራ ቀና ሲል ኮምባይነሩ ስንዴው ውስጥ ገብቶ ማሳውን አጋምሷል።

በሮቤ ዙሪያ ኮምባይነር ማሳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ጣሳ እየደበደበ ስንዴውን ወዲህና ወዲያ ያቋርጣል። «በኣ! ውጡ!» እያለ ይጮኻል። ቃራሚ ሴቶች ልጆቻቸውን ፀሐይ እንዳይመታቸው ከቆመው ስንዴ ጥላ ሥር ያስተኛሉና ነው። የዛሬው ዟሪ ደራራ ነበር። ኦፕሬተሩ ኦቦ ዲኖ ከላይ ሆነው «ዞርክ?» ሲሉት «ዞሬያለሁ» ማለቱን ያስታውሳል። መዞሩን ግን አያስታውስም።

ቪዲዮውን የከፈተው ለአንድ አፍታ ነበር። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ወደ ሱሪው ጎንበስ ብሎ አየ። በዚህ ማሳ ያለፈ ሰው ከጉልበቱ በታች ጨጎጎት ሳይለብስ አይወጣም። የእሱ ሱሪ ንጹሕ ነው። አራግፌው ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ሰው ሲፈራ የማያምነውን ያስባል።

ከጥቂት ወራት በፊት እንቅልፍ ቢያጣና እንዲህ ቢፈዝ ጎባ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ነበር። እናቱ ጂን ነው ትላለች፤ እሱ የዓይን ሕመም ነው ይል ነበር። ሲስተር እታፈራሁ ዓይኑን ትታ ውሎውን ጠየቀችው።

«ስትጀምረው የምታውቀው፣ ማቆም ግን የሚያቅትህ ከሆነ ሱስ ነው» አለችው። «ሥራ ስትሄድ ስልኩን ቤት ተው። አብሮህ ካለና እጅህ ወደ ኪስህ ከሄደ ደግሞ አፍረህ ዝም አትበል፤ አጠገብህ ላለ ሰው ጮክ ብለህ ንገር።»

ለተወሰኑ ሳምንታት ተወው፤ እንቅልፉም ተመልሶለት ነበር። ዛሬ ጠዋት «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ያዘው።

«ቢሊሱማ! ያ ቢሊሱማ!»

ሀዋኒ ናት፤ የቃረመችውን በጨርቅ ቋጥራ ከማዶ ትመጣለች። «ደራራ፣ ልጄ አንተ ጋ አልመጣችም? ስንዴው ጥግ አስተኝቻት ነበር። ጣሳው ሲጮኽ ትነቃለች ብዬ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቢናገር እንጀራው ያበቃል፤ ሳይዞር ዞርኩ ያለን ሰው ማንም ማሳው አያስገባም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ውሸት ግን ማደሪያ ጊዜ የለውም። ኮምባይነሩ ዳር ደርሶ ዞረና ማጨጃውን ወደ ቀረው ስንዴ መለሰ።

ደራራ ሮጠ። ጣሳውን እንደያዘ ከማሽኑ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን አነሳ። ሞተሩ አጓርቶ ቆመ።

«አብደሃል እንዴ?» አሉ ኦቦ ዲኖ።

«አልዞርኩም! ዋሸሁዎት፣ ኦቦ። ስልክ ሳይ ነበር። የሀዋኒ ልጅ እዚህ ውስጥ ናት።»

ኦቦ ዲኖ ወርደው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ማጨጃው ነው። ጎንበስ ብለው በጥርሶቹ መካከል አዩ። ደራራ ፊቱን አዞረ።

«እዚህ ምንም የለም፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀና ብለው ግን ወደ ታጨደው በኩል ረጅም ጊዜ አዩ።

ሦስቱም ጎን ለጎን ሆነው ስንዴው ውስጥ ገቡ። የሀዋኒ ድምፅ ተዘግቷል፤ ከንፈሯ ብቻ የልጇን ስም ይጠራል። ያኔ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። ደራራ ልብ ሲል ጣቶቹ ይዘውታል። ከማሽኑም፣ ከሀዋኒ ዓይንም ይበልጥ ራሱን ፈራ።

«ኦቦ» አለ ጮክ ብሎ። «እጄ ወደ ስልኩ እየሄደ ነው። አሁን፣ እሷን እየፈለግን! ያዙልኝ።»

ሀዋኒ ዞራ አየችው። ኦቦ ዲኖ መዳፋቸውን ዘረጉ። ስልኩ እጃቸው ውስጥ ሆኖም ገና ይነዝራል።

ደራራ ባዶ የሆነውን እጁን ጨብጦ ጣሳውን መታው።

«ቢሊሱማ! ውጪ!»

ጨጎጎቱ ሱሪውን እየያዘው አለፈ። እንደገና መታ። በግራው በኩል፣ ነፋስ ሳይኖር፣ የስንዴው ጫፍ ተነቃነቀ።