በጉም ውስጥ የተላለፈ ቃል

የበርሚንግሃም ዳርቻ ሠፈሮች ገና እርሻ ሳሉ ሐዲድ ደረሰባቸው፤ ሰዉም ሐዲዱን ተከትሎ ሠፈረ። አውቶቡስ በረከሰ ጊዜ ከሦስቱ ጎረቤት ጣቢያዎች ሁለቱ ተዘጉ። የእኛው የፈርንሊ ጣቢያ ግን የፋብሪካ ሠራተኛውንና ጸሐፊውን ማለዳ ማለዳ ወደ መሐል ከተማ እያደረሰ ቀረ። ተሳፋሪው የሚቆምበት መድረክ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነውና ከባቡሩ ጅራት የሚቆመው ተቆጣጣሪ ፐርሲ ኦክሌይ የፊተኞቹን በሮች አያይም። ስለዚህ የመድረኩ ሠራተኛ ሳይላስ ትራንተር በሮቹ መዘጋታቸውን አይቶ «ደህና!» ይላል፤ ፐርሲ ፊሽካውን ይነፋል፤ ባቡሩ ይነሣል።

በዚያ ኅዳር የከሰል ጢስ ያዘለ ጉም ከተማውን አፈነው፤ የሳይላስም ጉሮሮ ተዘጋ። ሕዝቡ አዘነለትና በሹክሹክታ የሚላትን ቃል አንዱ ከሌላው እየተቀበለ እስከ ፐርሲ ያደርስለት ጀመር። ይህ በጎነት ነበር፤ በጎነትም ማስተዋል ሲለየው ወጥመድ ይሆናል።

አንድ ማለዳ ወይዘሮ ሚልድረድ ሃዳን ሊሳፈሩ ሲሉ ተንሸራተቱ። አንድ እግራቸው በመድረኩና በባቡሩ መካከል ገብቶ እስከ ጉልበታቸው ተቀረቀረ። ሳይላስና አጠገባቸው ልሳፈር የቆምሁት እኔ ብብታቸውን ይዘን ብንስብ እግሩ እንቢ አለ። ባቡሩ ጥቂት ቢንቀሳቀስ ይቀጠቅጠዋል። ሳይላስ ባቡሩ እንዳይነሣ ሲል የሞተሩ እንፋሎት ድምፁን ዋጠው። አንድ ጸሐፊ ወደ ፐርሲ ሮጠ፤ እርሱንም ጉሙ ዋጠው።

«እማማ፣» አለ ሳይላስ በተዘጋ ድምፁ፣ «ካሻዎት ይስደቡኝ፤ ያቺን ቃል ግን እንዳይሏት።»

«አንተን ለመስደብ እግሬ እስኪያዝ የምጠብቅ መሰለህ?»

በዚህ መካከል እንፋሎቱ ድንገት ጸጥ አለ። ከበላያችን ካለው የባቡሩ መስኮት ጎረቤታቸው ዶርካስ ላይል፣ የሆነውን ሳታውቅ፣ አንገቷን አውጥታ «ሚልድረድ፣ እንዴት ነሽ?» አለቻቸው። የስድሳ ዓመት ጨዋነት ከልቡና ቀድሞ መለሰ።

«ደህና ነኝ።»

«ደህና!» ብሎ አንድ ወንድ ከጉሙ ውስጥ ተቀበለ። ከእርሱ ወዲያ አንዲት ሴት «ደህና!» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ከእኛ እየራቀ ወደ ጅራቱ ገሠገሠ። ሳይላስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። እኔ «ቁም!» ብዬ ጮኽሁ። ነገር ግን ዘግይቶ የሚሮጥ ሁሉ በየማለዳው «ቁም» ይላልና ማንም አላስተላለፈልኝም።

በጦርነቱ ዘመን ጣሪያቸው በቦምብ ሲነሣ እንኳ «ደህና ነን» ይሉ የነበሩት እኒህ ሴት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሞኛል!» አሉ በታላቅ ድምፅ። «አሞኛል! እግሬ ተይዟል!»

በሠፈራችን እንዲህ ያለ ጩኸት ከጨዋ ሴት አፍ ተሰምቶ አያውቅም። ሰዉ ደነገጠ። «አሟቸዋል! ወይዘሮ ሃዳንን አሟቸዋል!» እያለ ወሬው ከፊተኛው ቃል ይልቅ ፈጥኖ ሮጠ። ፊሽካው ቀጭን ሆኖ ጀመረና ከመካከል ተቆረጠ። መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ አልዞረም።

ፐርሲ ፋኖሱን ይዞ ሲደርስ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ሰዎች ተባብረው ሠረገላውን ከመድረኩ እንዲርቅ በትከሻቸው ገፉት፤ እግሩ ጫማውን ጥሎ እየደማ ወጣ። ወይዘሮ ሃዳን ስላዘገዩን ይቅርታ ጠየቁ። ፐርሲ ቆቡን አወለቀ።

ሳይላስ አግዳሚው ላይ አስቀምጧቸው ብቻውን ተነሣ። የእያንዳንዱን በር እጀታ በእጁ እየዳሰሰ እስከ ባቡሩ ጅራት ሄደና ያቺን ቃል ራሱ፣ ወደ ቦታው ለተመለሰው ለፐርሲ፣ በጆሮው ነገረው።