ከባነሩ ጀርባ ያለው በር

ሸዋረጋ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዋሊሰለን መኖር ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎችን መቆጣጠር ነው። ሳትናገር ከች ስለምትል ሠራተኞቹ ከሩቅ ሲያዩዋት የሄልሜታቸውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። አንዴ የአንድ ቫልቭ ፍተሻ የተደረገው ማክሰኞ፣ የተፈረመበት ግን ሰኞ ሆኖ አገኘችው። ፍተሻው እስኪደገም ማመንጫው ሥራ እንዳይጀምር አገደች። የማመንጫው ኃላፊ ጥርሱን ነክሶ ታዘዘ እንጂ "አንቺ ማን ነሽ?" አላላትም።

ባለፈው መስከረም ጄኔቫ ውስጥ ስለ "ደህንነት ባህል" በተጠራ ጉባኤ ላይ ተጋበዘች። ያስተናገዳት አበጀ የሚባል፣ እዚያው ጄኔቫ አጠገብ ያለችው የካሩዥ ነዋሪ ነው፤ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ከሦስት ቃል አንዱን በእንግሊዝኛ የሚናገር ትሑት ሰው።

ሁለት መቶ ሰው የታጨቀበት አዳራሽ ያለው በር ሁለት ብቻ ነበር። አንዱ የገቡበት ነው። ሁለተኛውን፣ የአደጋ ጊዜ መውጫውን፣ "ደህንነት ይቅደም" የሚል ግዙፍ ባነር ጋርዶታል። ከባነሩ ጀርባ ደግሞ የጉባኤው መጽሔት በካርቶን እስከ ደረት ተቆልሏል።

"አበጀ፣ ይሄ በር እኮ ተዘግቷል፤" አለችው በሻይ እረፍት።

"ልክ ነዎት እትዬ ሸዋረጋ። ግን ሎጂስቲክስ የኔ ማንዴት አይደለም። ፎርም ልስጥዎት?"

ፎርሙን ሞላች። ከምሳ በኋላ መልስ መጣ፦ ጉዳዩ አጀንዳ ላይ ስለሌለ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ካርቶኑን ራሷ ልታነሳ ጎንበስ ስትል የአዳራሹ ሠራተኛ ሮጦ መጣና፣ ዕቃ ለማንሳት ኢንሹራንስ የለሽም ብሎ ከለከላት።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው መድረክ ላይ ወጥተው አንድ ስላይድ አሳዩ፦ "አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ሥራ የማስቆም መብት አለው።" ጭብጨባው ቀለጠ።

ሸዋረጋ ፈራች። ማመንጫ ውስጥ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እዚያ ከጀርባዋ ሕግ አለ። ብድግ አለች።

"ይቁም! መውጫው ተዘግቷል።"

"ጥያቄ የምንቀበለው መጨረሻ ላይ ነው፤" አሉ ሰብሳቢው።

"ጥያቄ አይደለም። ሥራ እያስቆምኩ ነው።"

"በማን ሥልጣን?"

ከኋላቸው ያለውን ስላይድ በጣቷ አሳየቻቸው። ዞረው አነበቡት፤ ገና ያኔ ያዩት ይመስሉ ነበር። ከዚያ ክርክር ተጀመረ። ንግግር "ሥራ" ይባላል ወይስ አይባልም? አንዱ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አለ፤ ሌላው ደገፈ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሸዋረጋ እንደቆመች ናት።

በመጨረሻ አበጀ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ካርቶን ማንሳት ጀመረ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ባነሩ ተጠቀለለ፣ በሩ ተገፋ። አልከፈትም አለ። በውጭ ዞረው ቢያዩ፣ ለካ አንዱ ቢስክሌቱን ከበሩ እጀታና ከአጥሩ ብረት ጋር በሰንሰለት አስሮ ሄዷል።

አበጀ ፊቱ አመድ መስሎ ሸዋረጋን አያት።

ከወር በኋላ የጉባኤው ሪፖርት ዋሊሰለን ደረሳት። "በዕቅዱ መሠረት የተካሄደው ድንገተኛ የአደጋ ጊዜ ልምምድ እጅግ የተዋጣ ነበር" ይላል። ተናዳ ደብዳቤ ጻፈች፦ ልምምድ አልነበረም፣ ዕቅድም አልነበረም፣ በሩ በእርግጥም አይከፈትም ነበር። ሦስት ኮሚቴ ካየው በኋላ የታረመው ሪፖርት መጣ። ጽሑፉ እንዳለ ነው፤ ከገጹ ግርጌ ብቻ በደቃቅ ፊደል አንዲት መስመር ተጨምራለች፦ "አንዲት ተሳታፊ በዚህ አይስማሙም።"