የአቶ በዳሳ ምሳ

ጋዲሴ ፍሪጁን ስትከፍተው ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ባለፈው ቅዳሜ ሠርታ ያመጣችው ቅቅል እንዳለ አለ። አባቷ አቶ በዳሳ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሎ በገመድ ታስሯል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክንዳቸውን ለክታ፣ «ካልበሉ ክረምቱን መሻገራቸውን እንጃ» ብላታለች።

«አባዬ፣ ለምን አይበሉም?»

«በላሁ እኮ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ሰውዬው መዋሸት እንኳ አይችሉበትም። ገበሬ ሳሉ አንድ ትሪ ገንፎ ጨርሰው «ሌላ የለም?» ይሉ ነበር። እርሻው ኮንዶሚኒየም ሆነ፤ ሚስታቸው አረፉ፤ እሳቸውም እዚያው ያረሱት መሬት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው ቀሩ።

ጋዲሴ የዚያን ቀን ገርጂ ያለውን ሱቋን ዘግታ እዚያው ዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ አባቷ ቅቅሉን አሙቀው አቀረቡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ በሩን ከፍተው ቆሙ።

«እንብላ!» አሉ፣ ደረጃውን ለሚወርድ ጎረምሳ።

«ይብሉ አባባ!» ብሎ በረረ።

ፊት ለፊት የሚኖሩት ወይዘሮ ብርኽቲ ዳቦ በፌስታል ይዘው መጡ። «እንብላ!»

«ይብሉ፣ ማዕድዎን ይባርክልዎ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አቶ በዳሳ ትንሽ ቆመው በሩን ዘጉ። ምግቡንም ከድነው ወደ ፍሪጁ መለሱት።

ያኔ ነገሩ ለጋዲሴ ገባት። በመንደራቸው በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚበላ ሰው አልነበረም። ደግሞስ በመጀመሪያው ጥሪ ማን እሺ ይላል? መጥራቱ የአባቷ፣ «በሞቴ!» ብሎ ጎትቶ ማስገባቱ የእናቷ ሥራ ነበር። ጎታቿ ከሞቱ ወዲህ ጠሪው ብቻቸውን ቀሩ።

ተሻግራ አንኳኳች። በወይዘሮ ብርኽቲ ጠረጴዛ ላይ ያለው ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ምሳ ቀርቧል።»

«በልቻለሁ፣ ልጄ።»

የእሳቸውም ውሸት ከአባቷ አይሻልም። «በሞቴ!» ብላ ክንዳቸውን ያዘች። አጥንት ብቻ ነው።

አቶ በዳሳ መጀመሪያ እንግዳቸውን አጎረሱ፤ ቀጥሎ ራሳቸው ጎረሱ፣ ደገሙ። ጋዲሴ ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ድስቷን ታቅፋ ደረጃውን ስትወጣ የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«እንብላ!»

«ይብሉ፣ እኔ እኮ...»

«በሞቴ! በሞቴ ይግቡ!»

ጋዲሴ ደረጃው ላይ ቆመች። የእናቷ ቃል ነው። ስትደርስ አባቷ ወይዘሮ ብርኽቲን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው እያስገቡ ነበር። የያዘችውን ድስት አዩና ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ይቺን ነው ያመጣሽው? የባለፈው እኮ ሐሙስ ነው ያለቀብን። ትልቁ ድስት የት ሄደ?»