ከወንበሩ ስር

እንጨት ሠሪዋ ያን ቀን የፈራችው ተመልካቹን አልነበረም፤ አባቷን ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው "ድንቅ ነው" ቢላት ምን ይፈይዳል፣ ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው አንድ ቀን እንኳ "ጎበዝ" ብለዋት አያውቁ! ሰውየው ከአፋቸው ምስጋና ከሚወጣ ጥርሳቸው ቢወልቅ ይመርጣሉ።

የሠራችው ወንበር ኤግዚቢሽኑ መሃል ቆሟል። ጀርባው እንደተጨመቀ ልብስ ተጠማዟል፤ አራቱ እግሮቹ ተኳርፈው በየፊናቸው ሊሄዱ የተነሱ ይመስላሉ። ከፊቱ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ አለ።

ሽማግሌው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም አልሆነም አባባ፤ አሠራሩ ነው።"

"እኔ ደግሞ ዝናብ የመታው መስሎኝ።"

ልጅት ኩምሽሽ አለች። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን እንጨት ሠሪ የሰው ሥራ የሚመዝነው ከስር አይደል? ከላይማ ቫርኒሽ ስንቱን ጉድ ይሸፍናል! እሳቸው ምን ገዷቸው፣ ኮታቸውን አውልቀው ጥበቃውን አሸከሙትና በጀርባቸው ተንጋለው እስከ ደረታቸው ወንበሩ ስር ገቡ።

"ኧረ አባቴ፣ ክልክል ነው" አለ ጥበቃው፣ ኮቱን እንደታቀፈ።

"መቼ ነካሁት? እያየሁ ነው።"

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ባለመነጽር ሴትማ የትርኢቱ ክፍል መስሏት አጨበጨበች። ልጅት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሚስማር እየፈለጉ እንደሆነ ታውቃለች፤ አንድም የለውም። እንጨቶቹ የተጋጠሙበት ላይ ክፍተት እየፈለጉ እንደሆነም ታውቃለች። ስለሱ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

እንደምንም ተንፏቀው ወጡ። መነሳቱ ነው ጣጣው፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። የጥበቃው እጅ በኮት ተይዟል፣ ልጅት ደንዝዛ ቀርታለች። ሽማግሌው የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡና ያን ሁሉ ክብደታቸውን ጥለውበት ብድግ አሉ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ወንበሩ ንቅንቅም፣ ሲጥም አላለ።

ኮታቸውን ተቀብለው አቧራቸውን አራገፉ። ቁልፋቸውን ሲቆልፉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"የኛ አልጋ ከሠራሁት ቀን ጀምሮ ሲጥ ሲጥ ይላል። እናትሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨቀጨቀችኝ፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም" አሉ። "ነገ መጥተሽ እይልኝ።"